መዶሻና ሽቦ

እስቲ ጠጋ በሉ። ወሎዬዎች ከፊት ተቀመጡ፤ ከሌላ አገር የመጣችሁም ቦታ አለ። የመቅደላ ወሬ ሲነሣ ሁላችሁም ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ እንደምትሮጡ አውቃለሁ። ሽጉጡን ዛሬ ለሌላ ተራኪ ትቼዋለሁ። እኔ የማወጋችሁ ስለ መቆለፍና ስለ መክፈት ነው።

በ1858 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ አምባውን ጭጋግ ባለበሰበት ሰሞን፣ ሦስት የእንግሊዝ መንግሥት ሰዎች መሬት ላይ እንዲቀመጡ ታዘዙ። አንዱ በሞሱል የተወለደው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ነው። ሁለተኛው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ ሦስተኛው መኰንኑ ፕሪዶ። የመጡት ሌላ እስረኛ ሊያስፈቱ ነበር፤ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ አጥቶ ቀረ፤ ቆንስሉም ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ ብረት ገባ። አሁን አስፈቺዎቹም ተራቸው ደረሰ።

እግራቸው ድንጋይ ላይ ተደረገ። አፉ የተከፈተ የብረት ቀለበት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ገባ። ከዚያ መዶሻ! ጫፍና ጫፉ እስኪሳሳም ድረስ ተቀጠቀጠ። መዶሻውን የያዘው ሰው እጁ ቢስት የሚሰበረው ብረቱ አይደለም። አንዱ እግር ሲያልቅ ሌላው ተተካ፤ ሁለቱ ቀለበቶች በአጭር ሰንሰለት ተያያዙ። ከዚያ ወዲያ ሰፋ አድርጎ መራመድ የለም። ብላንክ ከተፈታ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ይህችን ቀን በዝርዝር ጽፏታል።

ልብ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፦ ቁልፉስ ማን ጋር ቀረ?

ቁልፍ የለውም። የመቅደላ እግር ብረት ቁልፍ አያውቅም። ቁልፍ ያለው ብረት ጉቦ ይበላል፤ ቁልፉ ይሰረቃል፤ ሌሊት በሽቦ የሚጎረጉረው አይጠፋም። ተቀጥቅጦ የተዘጋ ብረት ግን የሚከፈተው ተመልሶ ሲቀጠቀጥ፣ በሰው ጉልበት ሲፈለቀቅ ብቻ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ አምባውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ብረቱን ያሰበው ሰው ሞኝ አልነበረም።

አምባው ራሱስ ቢሆን! ከበሽሎ ወዲህ፣ ዙሪያውን ገደል ቆርጦት፣ አናቱ ሜዳ። በእስላምጌ በኩል ኮኬት በር፣ በሌላው ወገን ካፊር በር። ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ ብዙም ሳይቆዩ ያዙት፤ ግምጃ ቤትም፣ የጦር መሣሪያ ማኖሪያም፣ ወህኒም አደረጉት። አለት ላይ መዶሻ አያስፈልግም፤ እግዜር ቀጥቅጦ ዘግቶታል። በሩ ላይ ግን ሰው ቆሟል። ሰው ደግሞ ይተኛል፣ ይጠጣል፣ ይረሳል።

ይህን የሸዋው ምኒልክ ያውቁ ነበር። አባታቸው ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና በልጅነት ተማርከው ወደ ቴዎድሮስ የመጡ ናቸው፤ አድገው የንጉሡን ልጅ አልጣሽን አገቡ። ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት ከአምባው ወጡ። ወገኖቻቸው ጠባቂዎቹን በግብዣ እንዳዘናጓቸው ይተረካል። ሚስታቸው ቀሩ። አለቱ አልተነካም፣ በሩ አልተሰበረም፤ ያቺ የሰው ክፍተት ናት የተገኘችው።

ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው ነው። የወሎዋ ገዥ ወርቂቱ ምኒልክን ተቀብለው አሻገሩ። ልጃቸው ደግሞ መቅደላ ታስሮ ነበር። ቴዎድሮስ በመነጽር አሻግረው ምኒልክ ከወርቂቱ ሰዎች ጋር መሆናቸውን ባዩ ጊዜ ያን ልጅና አብረውት የታሰሩ የወሎ መኳንንትን አስገደሉ፤ ወደ ገደሉም ተጣሉ። ምኒልክ ሸዋ ገብተው ሲነግሡ ወርቂቱ ልጅ አልነበራቸውም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እናት ያላችሁ ጨምሩበት።

አሁን ውቅያኖስ ላሻግራችሁ። በዚያው ሰኔ፣ በዚያው 1857 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ ላይነስ ዬል የሚባል ሰው አንድ የባለቤትነት መብት ተሰጠው። የሠራው ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ የተሞረደ፣ ኪስ የማይከብድ ቁልፍ ነው፤ ከነሲሊንደሩ። ዛሬ በየኪሳችሁ ያለው የሱ የልጅ ልጅ ነው። እስቲ አውጡና እዩት። ከመቅደላው መዶሻ ጋር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው።

የዬልን ብልሃት በቃል ከምነግራችሁ መካነ ሰላም ወስጄ አንድ ልጅ ላሳያችሁ። ስሙን ተዉት፤ ዐሥረኛ ክፍል ነው እንበል። የቤታቸው የብረት በር ቁልፍ ትገባለች፣ አትዞርም። እናት ትገፋለች፣ አባት ይረግማል። ልጁ ግን ካቻቢቴ ይዞ ሲሊንደሩን ነቅሎ አወጣው፤ መያዣውን ፈታና ቁልፏን ከትቶ እየነቀነቀ የውስጡን ሆድ፣ ቁልፏ የምትገባበትን ክብ ብረት፣ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው።

ጥርርር! ሞላና ፒን ወለሉ ላይ ተበተነ። ዶሮዋ እህል መስሏት ደረሰች። ልጁ ዶሮ ያባርራል፣ አያቱ ልጁን ታባርራለች።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ የሌባ ትምህርት ነው!»

«እማማ፣ የገዛ በራችን እኮ ነው።»

«የገዛ በሩን የከፈተ፣ የጎረቤቱ መች ይቸግረዋል?»

እማማ እውነት አላት፤ መልስም የለውም። ያን ቀን በሩ በመወርወሪያ እንጨት ተዘግቶ አደረ።

ልጁ አልተወም። ቁልፉ የጠፋበት ቻይና ሠራሽ ጓጉንቸር ከጓዳ አገኘ፤ አስተማሪው እሱ ሆነ። ውስጡ እንዲህ ነው። በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ቁራጭ ፒን ተደራርቦ ቆሟል፤ ከላይ ሞላ ይጫነዋል። ቁልፍ በሌለ ጊዜ የላይኛው ፒን ግማሹ ሆዱ ውስጥ፣ ግማሹ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚይዘው ሆዱ አይዞርም። ትክክለኛዋ ቁልፍ ስትገባ ጥርሶቿ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሡታል፤ የሁለቱ ፒኖች መገናኛ በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ ሆዱ ይዞራል። አንዱ ፒን ከልኩ በላይ ወይም በታች ከሆነ አለቀ፣ አይዞርም። ያባትየው ርግማን ፒን አያነሣም።

ታዲያ ያለ ቁልፍ ለምን ይከፈታል? ምክንያቱም ቀዳዳዎቹን የበሳው መሣሪያ ሁሉንም በአንድ ቀጥታ አይበሳቸውም፤ ከፀጉር ያነሰ መዛነፍ አለ። ፒኑም በቀዳዳው ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ትንሽ ልል መሆን አለበት፤ ልል ካልሆነ ባለቤቱም አይከፍተውም። ሆዱን በጎባጣ ብረት በቀስታ ወደ መዞሪያው ጎተት ብታደርጉት ፒኖቹ እኩል አይያዙም፤ አንዱ ቀድሞ ይጠብቃል። እሱን በሽቦ ቀና ስታደርጉት ቀጭ ይላል፤ ሆዱም ለዓይን የማይታይ ያህል ይሄዳል። ያኔ ሌላው ይጠብቃል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበት ይጨምራል። ጉልበት ሲጨመር ፒኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ይጠብቁና የቱ እንደሚቀድም አይታወቅም። የመካነ ሰላሙም ልጅ መጀመሪያ ጓጉንቸሩን ሊያንቀው ደረሰ። ኋላ፣ እጁ ደክሞት ልቅ ሲያደርገው፣ ቀጭ አለ። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ጧ!

አያቱ ከምድጃው ዞር ብላ አየችው። ምንም አላለችም።

የበሩን ሕመም ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛ፣ ቁልፏ ናሐስ ስለሆነች አርጅታ ጥርሷ ተበልቷል። ሁለተኛ፣ አንዱ ሞላ ተሰብሮ ፒኑን የሚመልሰው የለም። ሦስተኛ፣ ከሁሉ የከፋው፣ በጠነከረ ቁጥር የምግብ ዘይት ሲጠጣ የኖረ ቁልፍ ነው! እናንተ ቤትም ይህን የምታደርጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዘይቱ ለሳምንት ያለሰልሳል፤ ከዚያ የመንገዱን አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል። ልጁ ሁሉንም በናፍጣ አጠበ፣ አደረቀ፣ በዘይት ፋንታ የእርሳስ ዱቄት ነሰነሰበት፤ ጥቁሩን የመጻፊያ እርሳስ ፍቆ። ለተሰበረው ሞላ ያለቀ ላይተር ሰበረ፤ የላይተሩን ድንጋይ የሚገፋው ሞላ ውፍረቱ ልክ ነበር። በጉጠት ቆርጦ አሳጠረው።

ስለ ዶሮዋም መላ አገኘ። የሆዱን ውፍረት የሚያህል የወይራ እንጨት ጠረበና ሆዱን ሲያወጣ እንጨቱን ከኋላው አስከትሎ ገፋው፤ የላይኞቹ ፒኖች መውጫ አጡ። ሲመልስም እንደዚያው። ከዚያ ቁልፍ ቀራጩ ዘንድ ሄዶ ጥርስ ያልወጣላት ቁልፍ ገዛ። ቀራጩ ያረጀችውን አይቶ «ይህችን አስመስዬ ብቀርጽልህ የተበላውን ነው የምቀርጸው፤ ፒኖቹን አምጣ» አለው። ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። ቀራጩ እያሳየው፣ ልጁ ሞረዱን ይዞ፣ ፒን እየለኩ ወጣች። በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ ተከፈተ። እናቱ በሩን ለማየት ብቻ ሁለት ጊዜ ወጥታ ገባች።

ማታ፣ ሁሉ ሲተኛ፣ አያቱ መጣች። አልጋዋ ሥር የእንጨት ሳጥን አለ፤ ቁልፉ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ለማንም አልተናገረችም።

«ያን ሽቦህን አምጣው እስቲ።»

ከፈተላት። ክዳኑን ሊያነሣ ሲል እጁን ያዘችው። «በቃ። አንተ ውጣ።» ወጣ። ውስጡ ምን እንደነበረ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። የግብር ደረሰኝ ይሆናል፣ የሰርጓ ቀሚስ ይሆናል። ጠዋት ሳጥኑ በአዲስ ጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። የሌባ ትምህርት የሚለው ወሬም በዚያ ቤት ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ብረት የነካ ሰው በአገራችን ስም ይወጣለታል፤ ቀጥቃጩን ቡዳ ያላለ መንደር ጥቂት ነው። ቴዎድሮስ ግን ባለ እጅ ይወዱ ነበር። ምኒልክም፣ ያው ከመቅደላ ያመለጡት፣ ኋላ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ በ1900 ዓ.ም.። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን መንደር ለመንደር ቀጠለ።

የቴዎድሮስ ባለ እጆች ደግሞ እንደ መካነ ሰላሙ ልጅ ጀማሪዎች ነበሩ። ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የመጡ ሚሲዮናውያን፣ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ወንጌል ሊሰብኩ ነው የመጡት። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተቀምጠው መድፍ ሥሩ ተባሉ። አናውቅም አሉ። ሞክሩ ተባሉ። ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ እንደገና ሞከሩ። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊ ብረት አቅላጭም አብሯቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ሴባስቶፖል ወጣ፤ ሰባት ቶን ገደማ! ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገ፣ ገደል እየተናደ፣ በሰው ጉልበት መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት ምስሉ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ስቅለት ዓርብ፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። የቴዎድሮስ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ከኋላ የሚጎርስ አዲሱን የስናይደር ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ከቴዎድሮስ ወገን መቶዎች አለቁ፣ ከዚያኛው የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በማግስቱና በፋሲካ ፈረንጆቹ እስረኞች ተለቀቁ። የቀረው አምባውና ጌታው ነው።

ማዕዶት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ እንግሊዞች ወደ ኮኬት በር ወጡ። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኗል። እንግዲህ በር መስበር የመሐንዲሶች ሥራ ነው፤ መሐንዲሶቹም ከፊት ተሰልፈዋል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥተው፣ ዝሆን ሳይቀር ከህንድ አምጥተው፣ ወራት ተጉዘው፣ በሩ ሥር ደረሱ። ባሩድ አምጡ ተባለ።

ባሩዱን ረስተውታል።

ጉድ በሉ! መሰላሉም፣ መጥረቢያውም ኋላ ቀርቷል። የዓለም ትልቁ መንግሥት መሐንዲስ፣ የሚፈልገው አንድ በር ፊቱ ቆሞ፣ ባዶ እጁን ነው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ፤ ከዚያ በሩ ወዲያ ማን እንደቆመ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ።

የ33ኛው ሬጅመንት ወታደሮች በሩን ተዉት። ጄምስ በርጊን የሚባል ረጅም ወታደርና ማይክል ማግነር የሚባል ከበሮ መቺ በጎን በኩል ሄዱ። ቅጥሩ ላይ የእሾህ አጥር አለ፤ በርጊን በሳንጃው ቀዳዳ አበጀለት፣ ማግነርን በጠመንጃው ሰደፍ ወደ ላይ ገፋው፣ ማግነር ከላይ ሆኖ በርጊንን ጎተተው። ሌሎች ተከተሏቸው። ቆልፎ የነበረው በር ሳይከፈት ታለፈ። ሁለቱም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ። ከሁለተኛው በር አጠገብ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ለሌላ ተራኪ ትቼዋለሁ ብያለሁ።

ከዚያ ዘረፋው መጣ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት፣ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ተጫረቱ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ገንዘብ ይዞ ከተጫራቾቹ መካከል ነበር። አምባው ተቃጠለ፤ ባሩድ ያልደረሰለት ኮኬት በር ኋላ በባሩድ ተናደ። ካለፈ በኋላ!

ከተዘረፉት ውስጥ ታቦታት ነበሩ። አንዱ ኤድንብራ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ምን እንደሆነ የሚያውቀው ጠፋ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ አንድ ቄስ ከፍቶ ሲያይ አወቀው፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡ ለአቀባበል ወጣ። ሌላው በዌስትሚንስተር ገዳም መሠዊያ ውስጥ ታሽጎ አለ፤ ገዳሙ በ2024 እ.ኤ.አ. እንዲመለስ በመርሕ ደረጃ ተስማምቷል። ዐሥራ አንድ ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። ለሕዝብ ታይተው አያውቁም። በተለየ ክፍል፣ በጨርቅ ተሸፍነው፣ ተቆልፎባቸዋል። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ማንም አያያቸውም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችና ባለአደራዎችም ጭምር። ቁልፉ ያለው መግባት አይችልም፤ መግባት የሚችለው ቁልፉ የለውም።

ለንደን ስለ ቁልፍ ሲነሣባት የምታፍርበት ምክንያት አላት። በ1851 እ.ኤ.አ. በታላቁ ኤግዚቢሽን ጊዜ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ መጥቶ አይከፈትም የተባለውን የቻብ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተው። የብራማህ ቁልፍ ደግሞ የከፈተው 200 ጊኒ ይወስዳል ተብሎ ሱቅ መስኮት ላይ ከ60 ዓመት በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ሆብስ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ጎረጎረውና ከፈተው። መዶሻ አልነካም።

የታቦታቱ በር የተቆለፈው ግን በሕግ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ። ባለአደራዎቹ ከስብስቡ ዕቃ አውጥተው መስጠት አይችሉም ይላል። በዓመታት ልመናና ቁጣ ይህ በር አልነቃነቅም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ሼሄራዛድ የተባለው ድርጅት አንድ የሕግ ባለሙያ ቀጥሮ አንቀጽ 5ን በቀስታ አስነበበ። አንቀጹ ውስጥ ልል ቦታ አለ፦ ባለአደራዎቹ በስብስቡ ውስጥ ለመቆየት አይመጥንም ያሉትን፣ ለተማሪዎችም የማያጎድለውን ዕቃ፣ መልቀቅ ይችላሉ። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠናው፣ ማንም ፎቶ የማያነሣው ታቦት ለየትኛው ተማሪ ያጎድላል? የቀድሞው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጆርጅ ኬሪና ተዋናዩ ስቲቨን ፍራይ ሳይቀሩ ፈርመው ይህንኑ ለባለአደራዎቹ ጻፉላቸው።

ባለአደራዎቹ አንቀጹን ለታቦታቱ አላዞሩትም። ጠያቂዎቹም እጃቸውን አላነሡም።